«ፕሌስ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ፕሌስ» የሚለውን ቃል ያህል ቀላል የሚመስል ጥቂት ነው። መዝገበ ቃላቱ «ቦታ፥ ስፍራ» ብሎ ይፈታዋል፤ እኔም ከዚህ ሌላ ትርጉም ያለው አይመስለኝም ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በፈተና ላይ «የጎንደር ጦርነት በ1941 እ.ኤ.አ. ቱክ ፕሌስ» የሚለውን ወደ አማርኛ መልሱ ስንባል፥ «ጦርነቱ ቦታ ያዘ» ብዬ ጻፍሁ። «ቱክ» ያዘ፥ «ፕሌስ» ቦታ ነውና! መምህሩ መልሴን ባነበቡት ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በእኛ አገር ቦታ የሚይዘው ማልዶ ወደ ሠርግ ቤት የሄደ ሰው እንጂ ጦርነት አይደለም። የሐረጉ ትርጉም «ሆነ፥ ተደረገ» ማለት ነው፤ በዚያ ጦርነት ኢጣሊያኖች ጎንደር ላይ ድል የሆኑት በኅዳር ወር 1934 ዓ.ም. ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቃሉን መከታተል ጀመርሁ። «ፈርስት ፕሌስ» ሲባል አንደኛ መውጣት ነው፤ «ማይ ፕሌስ» ሲባል እኛ ቤት ማለት ነው። «አውት ኦፍ ፕሌስ» ግን ልክ እንደ እኛው «ያለ ቦታው» ስለሆነ አያስቸግርም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ አመጣጡ ነው። ግሪኮች ሰፊውን መንገድ «ፕላቴያ» ይሉት ነበር። ሮማውያን ቃሉን ወደ ላቲን ወሰዱት፤ ከላቲንም በፈረንሳይ «ፕላስ»፥ በኢጣሊያ «ፒያትሳ» ሆነ። ይህ «ፒያትሳ» ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደርን ይዘው ሳለ ወደ ከተማችን ገባ፤ በእኛም አፍ «ፒያሳ» ተባለ። እንግዲህ ወደ ፖስታ ቤቱ ስንወጣ በየቀኑ የምንጠራው ስም የ«ፕሌስ» ወንድም ነው! በጂኦግራፊ ትምህርት «ፕላቶ» የምንለውም ከዚሁ «ሰፊ፥ ዝርግ» ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው፤ የወገራን ሜዳ ያየ ሰው ስሙ እንደሚስማማው ያውቃል።

እንግሊዞች ደግሞ ለቦታ የራሳቸው ቃል ነበራቸው፤ ይኸውም «ስቶው» እና «ስቴድ» ነው። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳዩ ቃል እየበረታ ሄዶ የቀድሞዎቹን ከስፍራቸው አስለቀቃቸው። ዛሬ «ስቶው» በከተማ ስም ላይ፥ «ስቴድ» ደግሞ «በምትኩ» ማለት በሆነው «ኢንስቴድ» ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል።

ይህን ሳነብ የእኛው «አደባባይ» ትዝ አለኝ። ጎንደር ፒያሳ ከመባሉ በፊት ሕዝብ የሚሰበሰብበት፥ አዋጅ የሚነገርበት አደባባይ ነበራት፤ ስሙም እስከ ዛሬ በአደባባይ ኢየሱስና በአደባባይ ተክለ ሃይማኖት አብያተ ክርስቲያናት ላይ አለ። ይሁን እንጂ ከእኩዮቼ መካከል «አደባባይ እንገናኝ» የሚል አንድም አልሰማሁም፤ ሁላችንም «ፒያሳ» ነው የምንል።

አንድ ማታ ለአያቴ ፒያሳ ማለት በኢጣሊያኖች ቋንቋ አደባባይ ማለት እንደ ሆነ ብነግራቸው፥ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፥ «እናስ ልጄ፥ አደባባይ የሚባል ከእኛ ጠፍቶ ነው?» አሉኝ።