ለወዳጅ ቤት የምትሰጥ የጨርቅ አሻንጉሊት

ወዳጃችን ስትወልድ አራስ እንጠይቃለን። ቅቤ፣ የአጥሚት እህል ወይም ሳሙና ይዘን እንሄዳለን። «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» እንላለን። ጨቅላውን አይተን፣ መርቀን፣ ገንፎ ቀምሰን እንመለሳለን። ይህ ከጥንት የመጣ መልካም ልማድ ነው።

ነገር ግን በዚያ ቤት የምንረሳው አንድ ሰው አለ። እሱም ታላቁ ልጅ ነው። ትናንት በእናቱ ጭን ላይ ይቀመጥ ነበር። ማታም ከጎኗ ይተኛ ነበር። ዛሬ ግን «ተው፣ ሕፃኑን እንዳትነካ! ሂድ ውጭ ተጫወት!» ይባላል። የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ የሆዱን አውጥቶ መናገር አይችልም። ስለዚህ ያለቅሳል። ትቶት የነበረውን መኝታ ማርጠብ እንደገና ይጀምራል። አንዳንዴም ጨቅላውን ይቆነጥጣል። እኛም «ቀናተኛ» ብለን እንቆጣዋለን። ልጁ ግን ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቦታዬን ተነጠቅሁ ብሎ ሰግቶ ነው።

እንግዲህ ወዳጃችንን በእውነት መርዳት ከፈለግን ለዚህም ልጅ አንድ ነገር ይዘን መሄድ ይገባናል። ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል። ከአሮጌ ልብስ የእጅ አሻንጉሊት መሥራት እንችላለን። የእጅ አሻንጉሊት ማለት እጃችንን ከውስጥ አስገብተን የምናንቀሳቅሳት አሻንጉሊት ናት። ራሷን ትነቀንቃለች፤ ታጨበጭባለች፤ እጅ ትነሳለች።

የሚያስፈልጉን ነገሮች

ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30 ሣንቲ ሜትር የሆነ አሮጌ ጨርቅ፣ ጥቂት ባዘቶ፣ መርፌ፣ ነጭና ጥቁር ክር፣ መቀስ ወይም ምላጭ፣ ለማስመሪያ የሚሆን ከሰል።

አሠራሯ

1ኛ. ጨርቁን በሳሙና እንጠብ። በፈላ ውሃ እንቀቅል። ከዚያም ፀሐይ ላይ እናስጣው። ቆሻሻ ጨርቅ ለልጅ በሽታ ያመጣል።

2ኛ. የጨርቁን መልካም ፊት ወደ ውስጥ አድርገን ሁለት እንጠፈው። እጃችንን በላዩ እናሳርፍ። አመልካች ጣት ወደ ላይ ቀጥ ይበል፤ እሱ የራሷ ቦታ ነው። አውራ ጣትና የመሐል ጣት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘርጉ፤ እነሱ እጆቿ ናቸው። የቀሩት ሁለት ጣቶች ይታጠፉ። ዙሪያውን ሁለት ጣት ያህል አስፍተን በከሰል እናስምር። ራሷ ሰፋና ክብ ትበል።

3ኛ. መሥመሩን ተከትለን በመርፌ ጠቅ ጠቅ እያደረግን እንስፋ። የታችኛውን አፍ ክፍት እንተው፤ እጃችን የሚገባው በዚያ ነው። ከስፌቱ ውጭ ግማሽ ጣት ትርፍ ትተን ጨርቁን እንቁረጥ። ከዚያም እንገልብጣት። ስፌቱ ወደ ውስጥ ይገባል።

4ኛ. በራሷ ውስጥ ባዘቶ እንጠቅጥቅ። ለአመልካች ጣት መግቢያ መሐሉን ክፍት እንተው። ባዘቶው እንዳይወድቅ አንገቷን በክር ሸብ እናድርግ።

5ኛ. ዓይኗንና አፏን በጥቁር ክር እንጥለፍ። ቁልፍ ወይም ዶቃ አንጠቀም። ሕፃናት ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ይከታሉ። ቁልፉ ተነቅሎ ጉሮሯቸውን ቢዘጋ ሊገድላቸው ይችላል። ሽምብራና ባቄላም በውስጧ አንሙላ። ለልጁ ያው አደጋ ነው፤ አይጥም ይጠራል።

6ኛ. የአሮጌ ነጠላ ጥለት ካለን መቀነት እናድርግላት። በቀሚሷ ጠርዝ ላይ የልጁን ስም በክር እንጥለፍ። ፊደል የቆጠርነው ለደረሰኝና ለደብዳቤ ብቻ አይደለም። ልጁ ምናልባት መጀመሪያ የሚያውቃት ጽሑፍ የገዛ ስሙ ትሆናለች።

«መርፌ የሴት ሥራ ነው» ብለን የምንሸሽ ወንዶች እንኖር ይሆናል። ታዲያ ሸማ የሚሸምነው፣ በገበያ መኪና ላይ ተቀምጦ ልብስ የሚሰፋው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ወንድ አይደለም እንዴ?

አሰጣጧ

አራስ ቤት ስንገባ አስቀድመን ከታላቁ ልጅ አጠገብ እንቀመጥ። አሻንጉሊቷን እጃችን ላይ አድርገን «እንደምን ዋልክ የኔ ጌታ? ታላቅ ወንድም ሆንክ አሉ!» እናስብላት። ቀስ ብላም «ምነው ከፋህ?» ትበለው። ለትልቅ ሰው አልመልስም ያለ ልጅ ለአሻንጉሊት ብዙ ጊዜ ይመልሳል። ዝም ቢል ግን አናስገድደው።

ወዳጃችንንም እናሳያት። ጨቅላውን በአንድ እጇ ይዛ ስታጠባ፣ በሌላው እጇ ታላቁን ልጅ ማጫወት ትችላለች። ሲለምድ ደግሞ ልጁ ራሱ ጨቅላውን ያጫውትባታል። ያን ጊዜ ታላቅነቱ ሥራ ይሆንለታል እንጂ ቅናት አይሆንበትም።

አሻንጉሊት ተራ ነገር ናት ብለን አንናቃት። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የሚል የሕፃናት ዝግጅት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ማቅረብ ጀመሩ። ጸሐይ ከካልሲ የተሠራች የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። ብዙ ልጆች ከእሷ ፊደልና ንጽሕና ተምረዋል። ካልሲ በሰው እጅና በሰው ድምፅ አስተማሪ ሆነች ማለት ነው።

ስለዚህ የምንሰጠው ጨርቅ ብቻ አይደለም። ለወዳጃችን እረፍት፣ ለልጇም የሚያዋየው ጓደኛ እንሰጣለን። አራስ በምንጠይቅበት ቀን ሁለቱንም ልጆች እንጠይቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ታላቁ ልጅ ጨቅላውን የሚቆነጥጠው ለምንድን ነው?
2. ለአሻንጉሊቷ ዓይን ቁልፍና ዶቃ የማንጠቀመው ለምንድን ነው?
3. በአካባቢያችን በቅርቡ ወንድም ወይም እህት የተወለደለት ልጅ ማን አለ? ምን ልናደርግለት እንችላለን?