ዳኛ ሊሰማ ይገባዋል



በዛሬው ጥናታችን ስለ ዳኝነት እንነጋገራለን። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ። ጭብጦ በዋጋ ከበቅሎ ጋር አይተካከልም። ይሁን እንጂ በቅሎውን ያጣው ሰው ቃሉን ሰጥቶ፣ ምስክሩን ቆጥሮ ነው የተረታው። ጭብጦውን የተነጠቀው ግን የሚሰማው እንኳ አላገኘም። ከዚህ የምንረዳው ዳኛ ከመፍረዱ በፊት ሁለቱንም ወገን መስማት እንዳለበት ነው።

ይህን ለመማር ሩቅ አንሄድም። የጉራጌ ሕዝብ የመንግሥት ፍርድ ቤት ከመቋቋሙ በፊት ጀምሮ የራሱ ዳኝነት አለው። ሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ቅጫ፣ ክስታኔ በጎርደና ሴራ ይዳኛል። በሰባት ቤት ነገሩ በመንደር ሽማግሌዎች ይጀመራል፤ ያልረካ ወገን ወደ ላይ እያለ እስከ ከፍተኛው የየጆካ ሸንጎ ይደርሳል። ነፍስ በጠፋ ጊዜም ሽማግሌዎች የደም ካሣ አስከፍለው ሁለቱን ቤተሰብ ያስታርቃሉ፤ በቀል ትውልድ እንዳይፈጅ ይከላከላሉ። ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው።

ነገር ግን ሸንጎው ሁሉንም እኩል ይሰማ ነበርን? በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ወርድወት የተባለች የጉራጌ ሴት በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ሴቶች የጋብቻና የፍቺ መብት ተሟግታለች። በዚያ ዘመን ባል ሚስቱን መፍታት ይችል ነበር፤ ሚስት ግን «አንቂት» በሚባለው እርግማን ስለምትታሰር ባሏ ካልለቀቃት ሌላ ልታገባ አትችልም ነበር። በሸንጎው የተቀመጡት ዳኞች ወንዶች ነበሩ። ወርድወት የምታስተምረን ዳኛው ጉቦ የማይቀበል ቢሆን እንኳ ሕጉ ራሱ ለአንድ ወገን ካደላ ፍርዱ ቀና እንደማይሆን ነው።

ዛሬ ያለው ሕግ ለዚህ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል። በአንቀጽ 34 መሠረት የግልና የቤተሰብ ክርክር በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዲት እኅታችን በሽማግሌ መዳኘትን ካልፈቀደች ማንም ሊያስገድዳት አይችልም። የወረዳው ፍርድ ቤት አለላት፤ በውሳኔው ቅር ብትሰኝ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ ትላለች። የመጨረሻው ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለበት ጉዳዩ በሰበር ይታያል።

የነፍስ ግድያም እንዲሁ ነው። የሽማግሌ እርቅ በቀልን ያበርዳል፤ የመንግሥት ክስ ግን በእርቁ ብቻ አይቀርም። እርቅና ፍርድ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥራ አላቸው።

አንቀጽ 79 ደግሞ ዳኛ በሙሉ ነጻነት እንዲሠራና ከሕግ በስተቀር በሌላ እንዳይመራ ያዛል። ይህን ነጻነት የሚያፈርሰው ባለሥልጣን ብቻ አይደለም። እኛም «ዘመዴ ነው» ብለን በሐሰት ብንመሰክር፣ ለዳኛ እጅ መንሻ ብናቀርብ፣ አማላጅ ብንልክ እናፈርሰዋለን። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ያለ ዳኛ ነገሩ ሲፈጸም አላየም፤ የሚያየው በምስክሮች ዓይን ነው። ምስክሩ ከዋሸ ቅን ዳኛም ይስታል፤ ንጹሕ ሰውም ይታሰራል። ወገናችን ሲጠራን «ያየሁትን ብቻ እናገራለሁ» ማለት ከባድ ነው፤ ሆኖም የፍርድ መሠረቱ ይህ ነው።

ለውይይት፦

1. በአካባቢያችን በሽማግሌ ሸንጎ ቃላቸው ሳይሰማ የሚቀር እነማን ናቸው?

2. የትኛው ጉዳይ በእርቅ ሊያልቅ፣ የትኛው ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይገባል?

3. የቅርብ ዘመዳችን በሐሰት እንድንመሰክርለት ቢለምነን ምን እንመልስለታለን?