በአዲሱ ብራውዘር ላይ የሚሰማውን ምስክርነት እንዴት እንመዝን?

ጥያቄ፦ በአርጆ መምህር ነኝ። የስልካችን ክሮም ከታደሰ ወዲህ ባልደረቦቼ ተከፋፍለዋል፤ አንዱ «ፈጠነ» ሲል ሌላው «ዳታ ይበላል፣ ወደ አሮጌው እንመለስ» ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ስለ አንድ ፕሮግራም የሚነገረው ውዳሴም ሆነ ነቀፋ ሁሉ በአንድ ሚዛን የሚመዘን አይደለምና፣ አስቀድሞ ስለ መልኩ የሚነገረውን ስለ ግብሩ ከሚነገረው መለየት ይገባል። የቁልፎቹ ቦታ ተለወጠ ብሎ የሚያማርር ሰው የሚመሰክረው ስለ ገዛ ልማዱ ነው። ዳታ ይበላል የሚለው ክስ ግን ማስረጃ የሚሻ ስለሆነ፣ በስልክዎ ሴቲንግ ውስጥ እያንዳንዱ አፕ የፈጀው ተጽፎ ይገኛልና፣ ያለፈውን ወር ከአሁኑ ጋር አስተያይተው ይፍረዱ።

ወደ አሮጌው መመለስን ግን አልመክርም። ክሮም በ2021 እ.ኤ.አ. ከየ6 ሳምንቱ ወደ የ4 ሳምንቱ እትም የተሸጋገረው ስለ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ አንድ የደኅንነት ቀዳዳ በአዲሱ እትም ሲደፈን ምሥጢሩ ለአጥፊዎችም ስለሚገለጥ፣ በአሮጌው የቀረ ሰው የባንክ ሒሳቡንና የይለፍ ቃሉን ለአደጋ ያጋልጣል። መሣሪያው ራሱ ካረጀ ደግሞ ምርጫው ይጠባል፤ በዊንዶውስ 7 ላይ የመጨረሻው ክሮም 109፣ ከአንድሮይድ 10 በታች ባሉት በአንድሮይድ 8ና 9 ስልኮች ላይም 138 ነው።

ስለዚህ አስተያየቱን ሁሉ በትዕግሥት ይስሙ፤ ሲያድሱ ግን ከወዳጅ በቴሌግራም የሚላከውን ፋይል ትተው ከፕሌይ ስቶር ብቻ፣ ቢቻል በዋይፋይ ያድሱ።