አይስላንድ ላይ የፈላ እሳት፣ ግብፅ የደረሰ ረሃብ

እሳተ ገሞራ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ከጫፉ እሳት የሚተፋ ሾጣጣ ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 1783 በደቡብ አይስላንድ፣ ላኪ በተባለው ስፍራ የሆነው ግን ሌላ ነው። መሬቱ በረጅሙ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ እያደገ ሄዶ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ደረሰ፤ በላዩ የተደረደሩት ከመቶ የሚበልጡ አፎችም ቅልጥ አለት (ላቫ) ያፈሱ ጀመር። እሳቱ የቆመው ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ላቫው እርሻና መንደር ቢውጥም ሕዝቡን የፈጀው እሱ አይደለም፤ ጋዝ ነው። የቀለጠ አለት ከምድር በታች ሳለ ጋዝ አምቆ ይይዛል። ወደ ላይ ሲቃረብ የሚጫነው ክብደት ስለሚቀንስ ጋዙ ያመልጣል።

ካመለጡት አንዱ ፍሎሪን ነበር። ከአመዱ ጋር ሣር ላይ አረፈ፣ ከብቱም ጋጠው። ይህ ንጥረ ነገር ሲበዛ ጥርስና አጥንት ያበላሻል፤ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ጠጥተው ባደጉ ወገኖቻችን ጥርስ ላይ የምናየው ቡናማ ቀለምም የእሱ ሥራ ነው። በአይስላንድ ግን መጠኑ ከባድ ስለነበር የእንስሳቱ መገጣጠሚያ አበጠ፣ አጥንታቸው ጎበጠ። ከበጎቹ ከአምስቱ አራቱ ያህል አለቁ። ረሃብ ተከትሎ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ገደማ ሞተ።

ሌላው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም የድኝና የኦክስጅን ውሁድ ነው፤ 120 ሚሊዮን ቶን ያህል እንደወጣ ይገመታል። አየር ላይ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ይሆናል። ጠብታዎቹ ኤሮሶል ይባላሉ፤ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። አውሮፓን የሸፈነው ደረቅ ጭጋግ ይኸው ነበር። ያኔ ፈረንሳይ የነበረው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጭጋጉ የፀሐይን ጨረር እንዳደከመ ጽፎ፣ ምንጩ የአይስላንድ እሳት ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሯል። ለዘመኑ የሚደነቅ ጥርጣሬ ነው።

ይህ ጭጋግ ዝናብን እንዴት እንደሚነካ ለመረዳት ደግሞ ከፀሐይ እንጀምር። ከጁን ጀምሮ ፀሐይ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ትበረታለች፤ የብስ ከባሕር ቶሎ ይግላል። የጋለው አየር ወደ ላይ ሲወጣ፣ ምድጃ ከሥሩ አየር እንደሚስብ ሁሉ፣ ከውቅያኖስ እርጥብ ነፋስ ይጎትታል። ይህ ወቅታዊ ነፋስ ሞንሱን ይባላል፤ የእኛን ክረምት የሚያመጣውም እሱ ነው። ነፋሱን የሚያንቀሳቅሰው ሙቀቱ ብቻውን ሳይሆን በየብስና በባሕር መካከል ያለው ልዩነት መሆኑን ልብ ይበሉ። ኤሮሶሉ የፀሐይን ብርሃን ወደ ሕዋ ሲመልስ የሰሜኑ የብስ እንደ ወትሮው አይግልም። ልዩነቱ ይጠባል፣ ነፋሱ ይሰልላል፣ ዝናቡም ይቀንሳል።

የዓባይ ሙላት በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ የክረምት ዝናብ ነው። ከላኪ በኋላ ሙላቱ አነሰ፤ በግብፅ ውኃ ያልደረሰው ማሳ ጦም አደረ። እዚያ የነበረው ፈረንሳዊ ተጓዥ ቮልኔ፣ ከአገሬው አንድ ስድስተኛው በሞት ወይም በስደት እንደጠፋ ገምቷል። ከአይስላንድ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ግን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎቹ ሉክ ኦማን፣ አለን ሮቦክና ባልደረቦቻቸው የላኪን ጋዝ በኮምፒውተር የአየር ንብረት ሞዴል ውስጥ አስገብተው ሲያሰሉ የሞንሱኑ መድከም በግልጽ ታየ። ከውጤቱ አንዱ እንግዳ ይመስላል፦ ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ያለው የሳህል ቀበቶ ሞቀ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሞንሱኑ ሲደክም ደመናው ስለሚሳሳ ፀሐይ መሬቱን ያለ ከልካይ ታገኘዋለች።