ማዘጋጃ ቤት ገበያን እንዴት ይመራል? ከኩሪቲባ የሚገኝ ትምህርት

“ዘላቂ ልማት” የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙ ነጋዴ ጉዳዩ የመንግሥታትና የጉባኤ እንጂ የእርሱ አይመስለውም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጄኔሮ የተካሄደው የምድር ጉባኤ ያጸደቀው “አጀንዳ 21” የተሰኘ ሰነድ በ28ኛ ምዕራፉ ለአካባቢ አስተዳደሮች ከፍተኛ ድርሻ ሰጥቷቸዋል። መንገዱ፣ ቆሻሻው፣ የግንባታ ፈቃዱ በአብዛኛው የሚገኘው በማዘጋጃ ቤት እጅ ነውና። የሱቅና የቦታ ዋጋም የሚወጣውና የሚወርደው በእነዚሁ ነው።

ለመሆኑ ብዙ ገንዘብ የሌለው ማዘጋጃ ቤት ልማትን ሊመራ ይችላል? በደቡብ ብራዚል የምትገኘው የፓራና ግዛት ዋና ከተማ ኩሪቲባ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አላት።

ፎቅና አውቶቡስ በአንድ መስመር

ኩሪቲባ እ.ኤ.አ. በ1966 ባጸደቀችው ማስተር ፕላን ከተማዋ ወደየት እንደምታድግ አስቀድማ ወሰነች። ረጃጅም ፎቆች እንዲሠሩ የተፈቀደው በተመረጡ ዋና መስመሮች ግራና ቀኝ ነው። ከመስመሩ እየተራቀ በተሄደ ቁጥር የሚፈቀደው የሕንጻ ከፍታ ይቀንሳል። ለምድር ውስጥ ባቡር የሚሆን ገንዘብ ስላልነበራት እ.ኤ.አ. በ1974 በእነዚሁ መስመሮች ላይ ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መንገድ ከፈተች። ባለሀብቱ ፎቁን ከመስመሩ አጠገብ ሲሠራ አውቶቡሱ ተሳፋሪ አገኘ፤ አውቶቡሱ በሰዓቱ ሲመጣ ደግሞ ሱቁና አፓርታማው ተፈላጊ ሆነ።

አውቶቡሶቹ የግል ኩባንያዎች ንብረት ናቸው። መስመሩንና ታሪፉን የሚወስነው ግን ማዘጋጃ ቤቱ ነው። በ1980ዎቹ በተዘረጋው አሠራር ኩባንያዎቹ የሚከፈላቸው በጫኑት ሰው ብዛት ሳይሆን በሄዱት ኪሎ ሜትር ልክ ነበር። በዚህም ምክንያት ተሳፋሪ የሞላበትን መስመር ብቻ ለመሻማትና የድሆችን ሰፈር ለመተው የሚገፋፋቸው ጥቅም ቀነሰ።

ነጋዴዎች የተቃወሙት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1972 የወቅቱ ከንቲባ አርክቴክቱ ዣይሜ ሌርነር በመሀል ከተማ የሚገኘውን ኪንዜ ዴ ኖቬምብሮ የተባለውን የንግድ ጎዳና ለመኪና ዘግተው ለእግረኛ ብቻ አደረጉት። የመጀመሪያው ሥራ ዓርብ ማታ ተጀምሮ በሦስት ቀን ገደማ ተጠናቀቀ። ባለሱቆቹ “መኪና ካልቆመ ደንበኛ አይመጣም” በሚል ስጋት ተቃውመው ነበር። እግረኛው ሲበዛ ግን ሐሳባቸውን ለውጠው የእግረኛው መንገድ እንዲራዘም የጠየቁት እነርሱው ናቸው።

ቆሻሻ በአትክልት

እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው “አረንጓዴ ልውውጥ” የቆሻሻ መኪና ሊገባባቸው ለማይችሉ ጠባብ ሰፈሮች ታስቦ የተዘጋጀ ነበር። ነዋሪው 4 ኪሎ ወረቀት፣ ብርጭቆ፣ ብረት ወይም ፕላስቲክ አምጥቶ 1 ኪሎ አትክልትና ፍራፍሬ ይወስዳል። አትክልቱ በከተማው ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች የሚገዛ በመሆኑ በአንድ ወጪ ሰፈሩ ይጸዳል፣ ገበሬው ገበያ ያገኛል፣ ቤተሰቡም ይመገባል።

ጉድለቱም አይረሳ

በመስመሮቹ ዳር የቦታ ዋጋ ሲንር አነስተኛ ገቢ ያለው ሕዝብ ወደ ዳርቻና ወደ አጎራባች ከተሞች ተገፍቷል። የመኪናውም ቁጥር አልቀነሰም። ማዘጋጃ ቤት ለቦታ ዋጋ ሲፈጥር ለድሃው የሚሆን ቦታ አስቀድሞ ካላስቀረ፣ ሠራተኛው ከሥራው እየራቀ ይሄዳል፤ የትራንስፖርቱም ወጪ ዞሮ ዞሮ በደመወዝና በዕቃ ዋጋ ላይ ይጫናል።

ለእኛስ?

ኩሪቲባ የመራችው በግል ይዞታ ሥር ያለን መሬት ነው። በኢትዮጵያ ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የከተማ ቦታም በ1986 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ጀምሮ በሊዝ መሰጠት ጀምሯል። ስለዚህ የእኛ ማዘጋጃ ቤት እጅ ከኩሪቲባ ይልቅ የጠነከረ ነው። አዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም. 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የቀላል ባቡር አገልግሎት ስትጀምር የነጋዴው ጥያቄ መሆን የነበረበት “ባቡሩ የት ያልፋል?” የሚለው ብቻ አልነበረም። “በመስመሩ ዳር ምን ያህል ፎቅ፣ ለምን አገልግሎት ተፈቅዷል?” የሚለውም እኩል ክብደት አለው።

እንግዲህ ቦታ ወይም ሕንጻ ከመግዛትዎ በፊት የሚከተሉትን ያጣሩ፦

1ኛ/ ፕላኑ በቦታው ላይ የሚፈቅደውን ከፍታና አገልግሎት ከሰው አፍ ሳይሆን ከሰነዱ ይመልከቱ።

2ኛ/ በአካባቢው የሚያልፈው ትራንስፖርት በቦታው ላይ የሚኖረውን ሰውና የሚካሄደውን ንግድ ሊሸከም መቻሉን ይገምቱ።

3ኛ/ የዝናቡ ውኃና ቆሻሻው ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቁ።

ደላላም ቢሆን ፕላን ማንበብ ሲችል ደንበኛው ይታመንበታል።

የኩሪቲባ ትልቁ ሀብት ግን ጽናቷ ነው። ከንቲባ ቢቀያየርም ዋናዎቹ መስመሮች ለአሥርተ ዓመታት በቦታቸው ቆይተዋል። ፕላን በየሹመቱ በሚለወጥበት ከተማ ባለሀብት ገንዘቡን የሚያውለው ቶሎ ገዝቶ ቶሎ በሚሸጠው ነገር ላይ ነው። ለ30 ዓመት የሚቆም ሕንጻ የሚሠራው ፕላኑም 30 ዓመት እንደሚቆም ያመነ ሰው ነው።