ካቻቢቴ ለያዘው የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ ቢቸና ላይ የሞባይል ጥገና ቤት ልትከፍት መሆኑን እናትህ ነገረችኝ፤ እሰይ ብያለሁ። እኔ የጥኖራ ላይ ሬድዮ ስጠግን የኋላ ክዳኑን በካቻቢቴ ስፈታው የውስጡ ንድፍ ክዳኑ ላይ ተለጥፎ አገኘው ነበር። የዛሬውን ስልክ ንድፍ ግን አምራቹ ቆልፎበታል። ፈረንጆቹ ቁልፉን የሚያስፈታ ሕግ ማውጣት ጀምረዋል፤ ቀዳዳው ግን ብዙ ነው። ያየሁትን ልንገርህ።

1. ሕግ ስታነብ «ሆኖም» ላይ ቁም። ዲማ ቅኔ ቤት ሰንብተሃልና ወርቁ የት እንደሚደበቅ አይጠፋህም። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ያጸደቀችው ሕግ አምራቹ መለዋወጫና መመሪያ ለጠጋኝ ሁሉ እንዲያቀርብ ያዛል። ሆኖም ከጁላይ 1 ቀን 2023 በፊት የተሠራውን ስልክ አይመለከትም። አንተ ጋ የሚመጣው ደግሞ አሮጌው ነው።

2. ፍሬውን ስትጠይቅ ሙሉውን ይሸጡልሃል። ያው ሕግ፣ በስህተት ቢገጠም ሰው ይጎዳል የሚባለውን ዕቃ አምራቹ በነጠላ ሳይሆን ተገጣጥሞ እንዳለ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። በአንዲት ፍሬ ሰበብ ሙሉ ቦርድ ግዛ ማለት ነው። ስለዚህ አይሲ መቀየር ልመድ፤ የሞተ ስልክም አትጣል፣ ነገ መለዋወጫ ይሆንሃል።

3. ኦርጅናሉም ሊያሳፍርህ ይችላል። ስክሪን ወይም ባትሪ ሲቀየር መለያ ቁጥሩን አይቶ «አላውቀውም» የሚል ስልክ አለ። የኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ይህን ከልክላለች፤ እሱም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ ለተሠራው ብቻ ነው። ዕቃውን ከመንቀልህ በፊት ደንበኛህን አስጠንቅቀው፤ ከነቀልክ በኋላ የምትናገረው ሰበብ ይመስላል።

4. ስልክ ሲመጣልህ መጀመሪያ የተገዛበትን ቀን ጠይቅ። የአገራችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ስላየ ብቻ መብቱን ትቶ ወደ አንተ የሚመጣ ሞልቷል። 15 ቀን ካልሞላው፣ ደረሰኙን አስይዘህ ሳትከፍተው ወደ ሻጩ ስደደው። አንዴ ከፈታኸው ሻጩ «ተነካክቷል» ብሎ ይገላገላል። የዚያን ቀን ገቢ ታጣለህ፤ ሰውየው ግን ጎረቤቱን ይዞ ይመለሳል።

5. ቀዳዳው አንተ ራስህ አትሁን። ኮፒ የገጠምከውን ኮፒ ነው በል፤ የነቀልከውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ መልስ። እኔ በጉብዝናዬ ከአንድ ገበሬ ሬድዮ ደህናውን ትራንዚስተር አውጥቼ ያረጀ ተካሁበት። የከሰሰኝ የለም፣ ያየኝም የለም። ሰውየው ግን ከዚያ ወዲያ ሬድዮው በተበላሸ ቁጥር በደጄ አልፎ ሞጣ ድረስ ይወስደው ነበር።