አንድ ባዘቶ

ሦስት ሚሊ ሜትር የማትሞላ የነሐስ ቁራጭ ከወረንጦዬ ጫፍ ተፈናጥራ ጋቢዬ ውስጥ ገባች። ደባርቅ ማታ ማታ ያለ ጋቢ የሚቀመጡባት ከተማ አይደለችም፤ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነን፣ ከስሜን ተራሮች የሚወርደው ብርድ በሩ ቢዘጋበት በመስኮት ይገባል። ቁራጯን ልፈልግ ብድግ ስል ክርኔ ጠረጴዛውን ነካው። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ አስቀድሜ የቆረጥኳቸው ስድስት ሌሎች ቁራጮች እንደ ጤፍ ፍሬ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ተንበርክኬ በባትሪ ብርሃን ስለቅም አመሸሁ። ከሰባቱ አምስቱን አገኘሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለካ እንዲህ ነው!

እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። እንዝርቷን ሳታቆም፣ "ልጄ፣ ባዘቶውን ሁሉ ባንዴ ጭኗ ላይ ዘርግታ የምትፈትል ሴት አይተህ ታውቃለህ?" አለችኝ። ቀና ብዬ አየኋት። በእጇ ያለው አንድ ባዘቶ ነው። የቀረው ሙዳይ ውስጥ ተከድኖ ተራውን ይጠብቃል።

ከዚያች ማታ ወዲህ ሥራዬም ውሎዬም ተለውጧል። እንዴት እንደተለወጠ ልንገራችሁ።

የምሠራው የአውሮፕላን ሞዴል ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ዳኮታ፣ በወታደራዊ ስሙ ሲ-47፣ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ነበር። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ይሆናል፤ የእኔው 40 ሴንቲ ሜትር። የሞዴሉን ሳጥን ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ከሳጥኑ ጋር እንደ ፖስታ ካርድ ጠፍጣፋ የሆነች አንዲት የነሐስ ሉህ ነበረች። ፕላስቲኩ እያለ ነሐሱ ለምን አስፈለገ? ብዬ ጠየቅሁ።

መልሱ ያለው ሒሳቡ ውስጥ ነው። ፕላስቲክ በቅርጽ ማውጫ ሲፈስ በጣም መቅጠን አይችልም። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ የወንበር ቀበቶ 72 ጊዜ ቢያድግ ከሰባት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ አብራሪው የሚታጠቀው ቀበቶ ሳይሆን ፍራሽ ይሆናል። ነሐሱ ግን ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሲያድግ ሰባት ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ወደ እውነተኛው ቀበቶ ይጠጋል። ዓይን ቁጥሩን ባያውቅም ልዩነቱን ያውቃል።

አሠራሩን ሳውቅ ደግሞ ይበልጥ ወደድኩት። ቀጭኑ ነሐስ ብርሃን የሚነካው ቅባት በሁለቱም ገጽ ይቀባል። ሥዕሉ ያለበት ፊልም ይደረብበትና ብርሃን ይለቀቅበታል። ብርሃን ያገኘው ቅባት ይጠነክራል፣ ያላገኘው ታጥቦ ይሄዳል። ከዚያ ሉሁ እንደ ፌሪክ ክሎራይድ ባለ ፈሳሽ ሲታጠብ፣ መከላከያ ያጣው ነሐስ እየተበላ ያልቃል። ከሁለቱም ወገን የተበላው ቦታ ቀዳዳ ይሆናል፤ ከአንድ ወገን ብቻ የተበላው እስከ ግማሽ ጥልቀት የወረደ መስመር ሆኖ ይቀራል፣ ቁራጯ የምትታጠፈውም በእሱ ላይ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. በቼኮች አገር የተመሠረተው ኤድዋርድ የተባለ ድርጅት በዓለም ሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ስም ያተረፈው በዚህ ሥራ ነው፤ የእኔም ሉህ ከዚያ የመጣ ነው። በመጨረሻ እጃችሁ የሚገባው አንድ ክፈፍ ነው፤ በውስጡ በደርዘን የሚቆጠሩ ቁራጮች እያንዳንዳቸው ከፀጉር ብዙም በማይወፍር እትብት ከክፈፉ ጋር እንደተያያዙ።

እንግዲህ ነገሩ ያለው እትብቷ ላይ ነው። ቁራጯ ከክፈፉ ጋር እስካለች ድረስ አትጠፋም፣ አትጣመምም፣ ቁጥሯም አጠገቧ ተጽፏል። ቀለም መቀባት ቢያስፈልግ እንኳ እዚያው እንዳለች ይቀባል። እትብቷ የሚቆረጠው ቦታዋ ተዘጋጅቶ፣ ሙጫው ቀርቦ፣ ወረንጦው እጅ ላይ ሆኖ፣ እሷን ብቻ የሚጠብቅ ደቂቃ ሲመጣ ነው። አንዷ ቦታዋን ሳትይዝ ሁለተኛዋ አትነካም። ከእናቴ አንድ ባዘቶ የተቀዳች ሕግ ነች።

እናንተስ ስንት ቁራጭ ቆርጣችሁ ጠረጴዛ ላይ በትናችኋል? ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጅ ወንድሜ፣ የፊዚክሱን ምዕራፍ ገልጠህ፣ ሒሳቡን ከፍተህ፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ ከጎን አስቀምጠህ ስታመሽ የደከመህ ጭንቅላትህ ስለሚያንስ አይደለም። ሁሉንም ባዘቶ ጭንህ ላይ ስለዘረጋኸው ነው። ዛሬ ማታ አንዲት ምዕራፍ ብቻ አውጣ። ዳባት ላይ የልብስ ስፌት ቤት ልትከፍቺ የምታስቢ እህቴ፣ ማሽኑ፣ ኪራዩ፣ ፈቃዱና ደንበኛው ባንድ ሌሊት አብረው ሲያስጨንቁሽ አይቼሻለሁ። ሦስቱን ክፈፉ ላይ ተያቸው፤ የትም አይሄዱም። ነገ ጠዋት ስለ ኪራዩ ብቻ ሂጂና ጠይቂ።

ስለ ሥራው ትንሽ ልጨምር፤ ልትሞክሩት የምትፈልጉ እንዳላችሁ እገምታለሁና። የተሟላ መሣሪያ እስኪመጣ አትጠብቁ። እሾህ የምናወጣበት ወረንጦ፣ አዲስ ምላጭ፣ አንድ የወለል ሴራሚክ፣ ማስመሪያ፣ መርፌና ሱፐር ግሉ ይበቃል። ቁራጯን ሴራሚኩ ላይ አድርጋችሁ እትብቷን በምላጭ ተጫኑት፤ ለስላሳ ነገር ላይ ከቆረጣችሁ ትጣመማለች። ለማጠፍ ማስመሪያውን መስመሩ ላይ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ምላጩን ከሥር አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ አንሡ። ባንድ ጊዜ ይለቅ። ወዲያና ወዲህ እየመላለሱ ካስተካከሉት መስመሩ ይሰበራል። ሙጫውን ሴራሚኩ ላይ አንድ ጠብታ ጣሉና በመርፌ ጫፍ እየነኩ ውሰዱ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ሙጫው ቢዘገይባችሁ አትደናገጡ፤ ሱፐር ግሉ የሚጠነክረው ከአየሩ እርጥበት እያገኘ ነው።

ነሐሱ አልታዘዝ ሲል ደግሞ እሳት አለ። የሞተሩን መሸፈኛ ተከትላ መጉበጥ ያለባት ቁራጭ በጣት ብትጫኗት እንደ ስፕሪንግ ትመለሳለች። በጉጠት ይዛችሁ የቡታ ጋዝ ነበልባል ላይ ለጥቂት ሰከንድ አሳይዋት፤ ደብዘዝ ያለ ቅላት ሲታይባት አውጥታችሁ አቀዝቅዟት። ከዚያ እንደ ወረቀት ትታዘዛለች። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስታዬ አዲስ ነው። እምቢ ያለውን ከመስበር በፊት ማለስለሻ መንገድ መኖሩን እጄ ያወቀው ከነሐስ ነው፤ አሁን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ስነጋገርም ትዝ ይለኛል።

አንድ ምክር ግን በድፍረት እሰጣለሁ፦ ሉሁ ላይ ያለውን ሁሉ አትለጥፉ። ነሐስ ጠፍጣፋ ነው። ቀበቶ፣ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ የአየር ማስገቢያ ወንፊት፣ አንቴና ያምርበታል። ቱቦና ዘንግ የመሰለ ክብ ነገር ግን ፕላስቲኩ ይበልጠዋል። ከተሰጠን ሁሉ ለሥራው የሚሆነውን መርጦ የቀረውን መተው ራሱ ሙያ ነው፤ እኔ ዳኮታው ላይ የተጠቀምኩት ከሉሁ ግማሽ ያህሉን ነው። ተመልካቹ ምንም አላጣም።

የጠፉብኝን ሁለት ቁራጮችስ? ከቢራ ጣሳ ሠራኋቸው። የጣሳው ግድግዳ ውፍረት እንደ ነሐሷ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በመቀስ ይቆረጣል፣ በጣት ይታጠፋል። ቀለም ከተቀባ በኋላ የትኛው ከቼኮች አገር እንደመጣ፣ የትኛው ደባርቅ እንደተቆረጠ እኔም መለየት አቅቶኛል። ይህ ግኝት ከሁሉ በላይ አበረታኝ፣ ምክንያቱም ሳጥን ላልመጣለት ሰውም በሩ ክፍት መሆኑን አሳየኝ።

ስለዚህ ቀጥዬ የምሠራትን ከባዶ ልሠራት ቆርጫለሁ። ፀሐይን። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠሯት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች አውሮፕላን ናት። ወራሪው የጣሊያን ጦር ወሰዳት፤ ለአሥርት ዓመታት ጣሊያን አገር ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ቆየች። በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመለሰች። ያን ቀን ፎቶዋን በስልኬ ደጋግሜ እያጎላሁ ሳይ፣ ዓይኔ ሞተሯ ላይ ቀረ። ዋልተር ቬኑስ ይባላል፤ 115 የፈረስ ጉልበት፣ እሱም ከቼኮች አገር የመጣ፣ ሰባት ሲሊንደሮቹ እንደ አደይ አበባ ቅጠል ዙሪያውን የተደረደሩ።

ሰባት ሲሊንደር፣ በእያንዳንዱ ላይ ደግሞ ከጣሳ የሚቆረጡ ቀጫጭን የማቀዝቀዣ ክንፎች። ባለፈው ሳምንት እናቴ አሮጌ ሙዳይዋን ሰጠችኝ። የስድስቱ መሥሪያ እዚያ ውስጥ ተከድኗል። ሰባተኛው፣ የመጀመሪያው፣ መብራቱ ሥር ሴራሚኩ ላይ ነው፤ እስካሁን አራት ክንፍ አውጥቷል።